ርካሽ ቻርጀርና ኬብል ቤት ውስጥ እንዴት ይፈተሻል?

«ይህ ቻርጀር ኦሪጅናል ነው?» ስልክ በምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ሳይጠየቅ የሚውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ከመርካቶ ገዝቶት ሲመለስ ጎራ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ሌላው ስልኩ እንደ ምጣድ መጋል ሲጀምር ይመጣል። መልሱን በቃል ከምደጋግመው ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው በሚችል መልኩ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄውን ግን በቅድሚያ ላስተካክለው። ካርቶኑም፣ ቀለሙም፣ የድርጅቱ ምልክትም ተመሳስሎ ስለሚሠራ፣ ኦሪጅናል መሆኑን ከውጭ አይቶ መለየት ብዙ ጊዜ እኔንም ይቸግረኛል። መጠየቅ ያለበት ይህ ዕቃ 220 ቮልቱን ከእጅዎ ያርቃል ወይስ አያርቅም የሚለው ነው። ከግድግዳው የመጣው ኃይል ቻርጀሩ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ከ300 ቮልት በላይ ወደሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ከዚያ በትንሽ ትራንስፎርመር አማካይነት ወደ 5 ቮልት ይወርዳል። ትራንስፎርመሩ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች በቀጥታ የሚያገናኝ ሽቦ የለም፤ ኃይሉ የሚሻገረው በመግነጢስ ነው። በእርስዎና በ220 ቮልቱ መካከል የቆመው ግድግዳ ይህ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችልኝን ቻርጀር ከፍቼ አሳይቻታለሁ። ልጇ ቻርጅ ላይ ያለውን ስልክ ጠርዙን ሲነካ ነዝሮት ነበር። በደህና ቻርጀር ውስጥ የ220 ቮልቱ ወገንና የ5 ቮልቱ ወገን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በዚያኛው ግን በሁለቱ መካከል የነበረው ክፍተት የጥፍር ውፍረት ያህል ነበር። ፊውዝ የለውም። ትራንስፎርመሩ ላይ ሦስት ዙር መጠቅለል የነበረበት ቢጫ ቴፕ አንድ ዙር ብቻ ተለጥፎበት ጫፉ ተነሥቷል። እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍተት ላይ የክረምት እርጥበትና አቧራ ሲጨመርበት 220 ቮልቱ ወደ ስልኩ ብረት መንገድ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት የአይፎን ቻርጀር አስመስለው የተሠሩ 400 ቻርጀሮችን ሲፈትሽ፣ ሁለቱን ወገኖች የመለየት ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት 12ቱ ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ነበሩ።

ከዚህ በታች ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሳጥን «ራስ»፣ ከእሱ ወደ ስልኩ የሚሄደውን ገመድ «ኬብል» እላለሁ። ሁለቱ የተለያየ ጥፋት ስላላቸው ለየብቻ ይፈተሻሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለማነጻጸሪያ የሚሆን፣ ከስልክ ጋር በካርቶን አብሮ የመጣ አንድ ራስና ኬብል። ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የድሮ ስልክ ቻርጀር ይበቃል።
• ጥቃቅን ጽሑፍ ለማንበብ ካሜራ ያለው ሌላ ስልክ። ፎቶ አንሥተው ሲያጎሉት በግልጽ ይነበባል።
• ትንሽ ማግኔት። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣም ይሆናል።
• ባትሪው ከ20 እስከ 30 በመቶ ላይ ያለ ስልክ።
• የሴራሚክ ወለል ወይም ሌላ የማይቀጣጠል ጠንካራ ነገር፣ የሚሞከረውን ዕቃ ለማስቀመጥ።
• ከተገኘ የዩኤስቢ መለኪያ። በራሱና በኬብሉ መካከል ገብቶ ቮልትና አምፔር በቁጥር የሚያሳይ፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ መሣሪያ ነው። ከሌለዎት ስልክ ጠጋኝ ጋር ሄደው ማስለካት ይችላሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

• ራሱን ቤት ውስጥ አይክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ለተወሰነ ጊዜ አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።
• ይነዝር እንደሆነ በእጅዎ ነክተው አይሞክሩ። የነዘረ ዕቃ ፈተናውን ወድቋል፤ ሁለተኛ ሙከራ አያስፈልገውም።
• እርጥብ እጅ፣ ባዶ እግርና እርጥብ ወለል ባለበት ምንም አይሰኩ።
• ሙከራው እስኪያልቅ ከክፍሉ አይውጡ፤ ልጆችንም ያርቁ።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1. ራሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ካርቶኑን ይተዉት፤ ሙሉ መግለጫው መኖር ያለበት ራሱ ላይ ነው። «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ ከ100 እስከ 240 ቮልት እና 50/60 ኸርዝ የሚል መኖር አለበት። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ እዚህ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። «አውትፑት» ከሚለው ቀጥሎ ደግሞ ለምሳሌ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ያባዟቸው፤ ውጤቱ ዋቱ ነው። ካርቶኑ 65 ዋት እያለ ራሱ ላይ ያለው ከፍተኛው ቁጥር 5 ቮልት 1 አምፔር ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው የ5 ዋት ቻርጀር ነው፤ የሚሸጥልዎም ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያታለለዎት ነው።

በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን ያለበትን ምልክትም ይፈልጉ። ዕቃው ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ መሬት የሚነካ ሦስተኛ ሽቦ የሌለው ቻርጀር ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ይህም ሆነ የአውሮፓው የሲኢ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማተሚያ ያለው ሁሉ ያትመዋል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ ፊደሉ የተሳሳተ ወይም በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ያቁሙ። ከ2 እስከ 8 ያለውን መቀጠል አያስፈልግዎትም፤ በቀጥታ ወደ 9 ይሂዱ።

2. አካሉን በእጅዎ ይመርምሩ።

የሽፋኑ መጋጠሚያ ዙሪያውን እኩል የተዘጋ መሆን አለበት። በሁለት እጅ ቀስ ብለው ሲጫኑት መንቋቋት ወይም መላቀቅ የለበትም፤ ከሶኬት ሲነቅሉት ሽፋኑ እጅዎ ላይ ቀርቶ ውስጡ ግድግዳው ላይ የሚቀርበት ቀን ይመጣልና። ጆሮዎ አጠገብ ይዘው ይነቅንቁት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ውስጡ የተለቀቀ አለ፤ ያ ቁራጭ ሁለቱን ወገኖች ድልድይ ሆኖ ሊያገናኛቸው ይችላል።

ከዚያ ለማነጻጸሪያ ያዘጋጁትን ራስ በአንድ እጅ፣ አዲሱን በሌላው ይመዝኑ። ተመሳሳይ ዋት ያላቸው ሆነው አዲሱ ባዶ ቅርፊት መስሎ ከቀለለ የተቀነሰ ዕቃ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚቀነሱት ፊውዙ፣ ኃይሉን የሚያጠራው ማጣሪያና የትራንስፎርመሩ መዳብ ናቸው። ክብደት ግን የሚጥል እንጂ የሚያሳልፍ ፈተና አይደለም፤ ውስጡ ቁራጭ ብረት ተጨምሮበት እንዲከብድ የተደረገም አለ።

3. ሶኬቱን እንዴት እንደሚይዝ ይዩ።

ራሱ ሶኬቱ ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከተንጠለጠለ ወይም ሲነካ የሚያቋርጥ ከሆነ መገናኛው ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታውም ፕላስቲኩን ያቀልጣል። እዚህ ላይ ዘመድ ከውጭ ያመጣልንን ቻርጀር በተለይ ይመልከቱ። ከአሜሪካ የመጣው ሁለት ጠፍጣፋ፣ ከዱባይ የመጣው ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን መሰኪያ ብረቶች አሉት፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ በአብዛኛው ክብ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩ ራሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ በመካከል የሚገባው ርካሽ መቀየሪያ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት መሆኑን ካረጋገጡ፣ የሚጠብቅ መቀየሪያ ይግዙለት ወይም ኬብሉን ብቻ ወስደው እዚህ የተገዛ ደህና ራስ ላይ ይሰኩት።

4. ኬብሉን ይፈትሹ።

ጫፎቹ ላይ ኬብሉ ወደ ፕላስቲኩ የሚገባበትን ቦታ ቀስ ብለው ያጥፉት። እዚያ ላይ ለስላሳ መከላከያ ከሌለው በጥቂት ወራት ውስጥ ሽቦዎቹ ይበጠሳሉ፤ ከተበጠሱት መካከል ቀይና ጥቁሩ ሲነካኩ ኬብሉ ይግላል። ቀጥሎ ማግኔቱን በኬብሉ መካከለኛ ክፍል ላይ ያስጠጉት። መዳብ በማግኔት አይሳብም። ከተሳበ ሽቦው ብረት አለበት ማለት ነው። የጫፎቹ ብረት ግን በጥሩ ኬብልም ላይ ሊሳብ ስለሚችል እነሱን አይቁጠሩ፤ ከላይ የተጠለፈ ብረት ለጌጥ የለበሰ ኬብልም በዚህ መንገድ አይለይም።

ስለ ውፍረት ትንሽ ልዘርዝር፤ «ቻርጀሬ ደክሟል» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ጥፋታቸው እዚህ ነው። በርካሽ ኬብል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ በ1 ሜትር ርዝመት፣ ሲሄድና ሲመለስ ተደምሮ፣ ኃይሉን 0.4 ኦም (ኦም የመቃወም መለኪያ ነው) ያህል ይቃወማል። 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይበላል። ከራሱ 5 ቮልት የተነሣው ኃይል ስልኩ ጋር 4.2 ሆኖ ይደርሳል፤ የጎደለው ሁሉ ኬብሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ስልኩ ቮልቱ መውረዱን ሲያይ የሚስበውን ይቀንሳል፣ ቻርጁም ሌሊቱን ሙሉ ይጎተታል። በዚያው ርዝመት ውስጥ ያለው የመዳብ መጠን ሁለት እጥፍ ተኩል ቢሆን ኖሮ የሚበላው 0.3 ቮልት ያህል ብቻ ነበር። ባለ 2 ሜትርና ባለ 3 ሜትር ርካሽ ኬብል አልመክርም፤ ጉዳቱ በርዝመቱ ልክ ይባዛል።

አንዱ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ፣ ሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ታይፕ ሲው ጫፍ ውስጥ 56 ኪሎ ኦም የሆነ ትንሽ ሬዚስተር (ኃይልን የሚቃወም ጥቃቅን ክፍል) መኖር አለበት፤ ስልኩ ምን ያህል መሳብ እንደሚፈቀድለት የሚያውቀው በእሱ ነው። የተሳሳተ ከገባበት ስልኩ 3 አምፔር እንዲስብ ይነገረዋል። ደካማ ራስ ወይም የኮምፒውተር መሰኪያ ያን ያህል ለመስጠት ሲታገል ሊቃጠል ይችላል። ይህ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ታይፕ ሲ ኬብል ሲገዙ ስም ካለው አምራች ይሁን።

5. ያለ ስልክ 10 ደቂቃ ይሰኩት።

ራሱን ብቻ ሶኬት ላይ ይሰኩና ይጠብቁ። ሽታ፣ የሚጮህ ድምፅ ወይም ሙቀት መኖር የለበትም። ሥራ ሳይሰጠው የሚግል ዕቃ ውስጡ የሆነ ነገር ያለ አግባብ ኃይል እየበላ ነው።

6. ስልኩን ሰክተው 30 ደቂቃ ይከታተሉ።

ስልኩን ጠንካራው ነገር ላይ ያስቀምጡ፣ ከሽፋኑም ያውጡት። በየ10 ደቂቃው የእጅዎን ጀርባ ወደ ራሱ ፕላስቲክ ያስጠጉ። ለብ ማለት፣ ሞቅ ማለትም ያለ ነው። እጅዎን 5 ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ ግን ከልክ በላይ ግሏል። በማብሪያ ማጥፊያው ወይም በማከፋፈያው ማብሪያ አጥፍተው፣ ሲበርድ ይንቀሉት። ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችዎ ይዳብሱት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ እዚያ ውስጥ ሽቦ ተጎድቷል።

7. የስክሪኑን ጠባይ ይዩ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጽሑፍ ይጻፉበት። ያልነኩት ፊደል የሚጻፍ፣ ገጹ በራሱ የሚገለባበጥ ወይም ጣትዎን የማይሰማ ከሆነና ከቻርጅ ሲነቀል ወዲያው የሚስተካከል ከሆነ፣ ጥፋቱ የስክሪኑ አይደለም። ማጣሪያ የሌለው ቻርጀር ንጹሕ 5 ቮልት አይሰጥም፤ የሚንቀጠቀጠው ኃይል ጣትዎን የሚለየውን የስክሪን ክፍል ያደናግረዋል። ስክሪን ለማስቀየር ገንዘብ ይዘው መጥተው ቻርጀር ብቻ ቀይረው የሄዱ ብዙ ሰዎች አሉ።

8. ይለኩት።

መለኪያ ካለ ራሱ ላይ ሰክተው ቁጥሩን ያንብቡ። ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ራስ ስልክ ሳይሰካ 5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ስልኩ ሲሰካና ሲስብ ከ4.75 በታች ከወረደ ራሱ የተጻፈበትን አምፔር መስጠት አይችልም። ምንም ሳይሰካበት ከ5.5 ካለፈ ግን ስልክዎን ፈጽሞ አያስነኩት፤ የመጀመሪያው ተጎጂ የስልኩ ቻርጂንግ አይሲ (ቻርጁን የሚቆጣጠረው ትንሽ ክፍል) ነው። ፈጣን ቻርጅ የሚደግፍ ራስና ስልክ ሲገናኙ ቮልቱ ወደ 9 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ያ በሁለቱ ስምምነት የሚሆን ነው፣ ስልኩ ሲነቀልም ወደ 5 ይመለሳል።

መለኪያ ከሌለ በሰዓት ይሞክሩ። ስልኩ ከ20 በመቶ ተነሥቶ በ30 ደቂቃ ስንት እንደሚደርስ ይጻፉ። ከዚያ ኬብሉን ብቻ በሚያምኑት ቀይረው በሌላ ቀን ይድገሙ፤ ቀጥሎ ራሱን ብቻ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየሩ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

9. የወደቀውን ማንም እንዳይጠቀምበት አድርገው ይጣሉ።

ኬብሉን ከሶኬት ነቅለው በመቀስ ለሁለት ይቁረጡት። የራሱን መሰኪያ ብረቶች በፒንሳ ያጣምሟቸው። ይህን የምለው በየቤታችን የተበላሸ ዕቃ ለቤት ሠራተኛዋ ወይም ለጥበቃው የመስጠት ልማድ ስላለ ነው። ለእርስዎ ያልሆነ ቻርጀር ለእነሱም አይሆንም።

ፈተናውን ያለፈውንም በአግባቡ ይጠቀሙ

ትራስ ሥር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ወይም ፍራሽ ላይ ቻርጅ አያድርጉ። ከደህናውም ዕቃ የሚወጣው ሙቀት መሄጃ ሲያጣ ይታፈናል። መብራት ሲሄድ ራሱን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ፤ መብራት ሲመጣ ቮልቱ ለአፍታ ሊዘል ይችላል፣ ርካሽ ቻርጀር ደግሞ ይህን የሚያበርድ ክፍል የለውም። ስልኩ ሲነቀል ኬብሉን ተሰክቶ አይተዉት። ሕፃናት ጫፉን አፋቸው ውስጥ ያስገቡታል፣ ራሱ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚለየው ነገር የተበላሸ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው 5 ቮልት ላይሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

«አምፔሩ ትልቅ ስለሆነ ባትሪዬን ይገድለዋል» ብሎ ደካማ ራስ መምረጥ። የተጻፈው ቁጥር ራሱ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ነው፤ ምን ያህል እንደሚስብ የሚወስነው ስልኩ ነው። ደህና የሆነ ባለ 3 አምፔር ራስ 1 አምፔር ለሚስብ ስልክ ምንም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል።

የተላጠ ኬብልን በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል። ፕላስተሩ የሚሸፍነው የሚታየውን ነው፤ ውስጡ የተበጠሰው ሽቦ መጋሉን ይቀጥላል።

ቻርጅ አልሞላ ሲል በቀጥታ ባትሪ ማስቀየር። መጀመሪያ ደረጃ 8 ላይ ያለውን ይሥሩ፤ ስልኩንም አጥፍተው የመሰኪያውን ቀዳዳ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለው ያጽዱት። ከኪስ ገብቶ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ብናኝ ኬብሉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል።

ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ መደርደር። ቻርጀር ብቻውን ብዙ ኃይል አይስብም፤ ነገር ግን ከምድጃና ከውኃ ማፍያ ጋር በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ የሚግለው ማከፋፈያው ነው።

ገንዘብ ስለሌለ ርካሹን መግዛት ግድ ነው ብሎ ማሰብ። ከድሮ ስልክ ጋር የመጣ ባለ 5 ቮልት 1 አምፔር ራስ ቀርፋፋ ቢሆንም ከማይታወቅ «ፈጣን» ቻርጀር ይሻላል። ቀዳዳው ሰፊው ዩኤስቢ ከሆነ ኬብሉን ብቻ ለአዲሱ ስልክ በሚሆን ቀይረው ይጠቀሙበት። ይህ ምንም ወጪ ስለሌለው ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤት ውስጥ የድሮ ቻርጀር የለም?» ብዬ ነው።

አደጋ ከተፈጠረ

ራሱ ከጨሰ ወይም ከተቀጣጠለ ለመንቀል አይታገሉ። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን የቤቱን ብሬከር ያጥፉ፣ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ ሲበርድ በደረቅ ጨርቅ ይዘው ያስወግዱት። ኃይሉ ሳይጠፋ ውኃ አይድፉበት፤ ውኃው ኤሌክትሪኩን ወደ እርስዎ ያመጣዋል። ኤሌክትሪኩ ሰው ከያዘም ሰውየውን በእጅዎ አይጎትቱት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ያ ሩቅ ከሆነ ደግሞ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ስልኩን ወይም ኬብሉን ከእጁ ያርቁ። የተነዘረ ሰው ደህና ነኝ ቢልም የልቡ አመታት ሊዛባ ስለሚችል ሐኪም ይየው። እሳቱ ከተስፋፋ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱ ስልክ 939 ነው።

የስልኩ ጀርባ አብጦ ከተነሣ ባትሪው አብጧል። አይጫኑት፣ አይብሱት፣ እንደገና ቻርጅ ላይ አይሰኩት። አጥፍተው ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ሴራሚክ ላይ ያስቀምጡትና ወደ ጠጋኝ ሲወስዱት ከኪስዎ ይልቅ በእጅዎ ይያዙት። ቻርጀሩንም አብረው ይዘው ይምጡ፤ ባትሪው ተቀይሮ ያው ቻርጀር ከተመለሰበት ያው ሊደገም ይችላል።